ባቡሩ አቃቂ በቆመበት ዓመት

አቃቂ ውስጥ አሮጌው ሐዲድ አንዳንድ ቦታ ይታያል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል። እዚህ አፈር ውጦታል፤ እዚያ ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን ብቅ ብለው ጥቂት ይጓዙና መልሰው ሣር ውስጥ ይገባሉ። በመካከላቸው ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሳያስበው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ይሻገሩታል፣ ፍየሎች ይሻገሩታል፣ ማለዳ ወደ ፋብሪካ የሚሄዱ ሠራተኞች ጭቃውን ሲሸሹ ብረቱን እየረገጡ ያልፋሉ። እስኪ ቆም ብለን እንየው። ጎንና ጎኑ ዝጓል፤ እግር በሚበዛበት በኩል ያለው ጀርባው ግን ዛሬም ያብለጨልጫል። ባቡሩ የተወውን መወልወል እግረኛው ቀጥሎበታል።

ይህ ብረት የመጣው ከባሕር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በእኛ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ባለበት ቆመ፤ እንደገና ተነሣ፤ አዋሽን ተሻገረ። አቃቂ የደረሰው በአውሮፓውያን 1915 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከ784ቱ ኪሎ ሜትር የቀረው 20 ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሐዲዱ እዚህ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ቆሞ ከረመ። ዕቃው እዚህ ይራገፋል፤ የቀረውን መንገድ በቅሎና አህያ፣ ግመልና የሰው ትከሻ ይሸከሙታል። ከእነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ያለው 1916፣ በእኛ 1909፣ ኢትዮጵያ እርስ በርሷ ከተዋጋችባቸው ዓመቶች አንዱ ነው።

የዚያ ጦርነት፣ የሰገሌ፣ ታሪክ ሲነገር አቃቂ አትጠራም። ተራኪው ከደሴ ይነሣል፣ በሰሜን ሸዋ ያልፋል፣ ሸኖ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ይደርሳል፤ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። ጀርባውን የሰጠው ለዚህ ሐዲድ ነው። እኛ ደግሞ እዚሁ ብረቱ ካለቀበት ቦታ ቆመን ወደዚያ ጦርነት ብናይ፣ የሚታየው ነገር ትንሽ ይለያል።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በአልጋው ላይ የነበሩትን ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ ያን ጊዜ ሐረር ነበሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ደሴ ናቸው፤ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የተዋጉ፣ ብዙ ያዩ ሽማግሌ ናቸው። የልጃቸውን መሻር ሲሰሙ ጦራቸውን ጠሩ። 80 ሺህ እንደሚደርስ የተገመተ ሰው ይዘው ወደ ደቡብ ተነሡ።

ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ገጠሟቸው። ከሸዋ ጦር ቀድመው የተሰለፉ ነበሩ፤ አብሯቸው ያለው 11 ሺህ ያህል ነው። እሳቸውም ወደቁ፣ ጦራቸውም አብዛኛው አለቀ። በዚያች ማታ ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ ክፍት ነበር ለማለት ይቻላል። ጥቅምት 17 ቀን ያው ንጉሥ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከ9 እስከ 17፣ ስምንት ቀን።

ስለ ሁለቱ ውጊያዎች ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተፎክሯል። ስለ ስምንቱ ቀን የሚጻፈው ግን አንድ ሁለት መስመር ነው። ንጉሡ ገስግሰው ሊገቡ ሲችሉ ልጃቸውን ሲጠብቁ ዘገዩ ተብሎ ይታለፋል። የጦር ታሪክ ጸሐፊ ከጥይት ወደ ጥይት ይቸኩላል፤ ጥይት የሌለበትን ቀን ባዶ አድርጎ ያየዋል። እኔ ዓይኔ የሚቀረው እዚያ ባዶ በተባለው ላይ ነው።

መጠበቅ ምን እንደሚመስል እናስብ። ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ እህሉ ግን ገና አልደረሰም። የአምናው ከጎተራ ሊያልቅ ነው፣ የዘንድሮው እሸት ነው። በዚህ ወቅት ብዙ ሺህ ሰው፣ ከፈረሱና ከበቅሎው ጋር፣ አንድ አካባቢ ላይ ሰፍሯል። በዚያን ዘመን ወታደር የሚበላው ከሰፈረበት ገበሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን ያለው ይበላል፤ በሁለተኛው ትንሽ ራቅ ይባላል፤ በሦስተኛው የበለጠ ይራቃል። ማንም ሳይተኩስ ጦሩ እየተበተነ ይሄዳል፤ ድል ያደረገው ወታደር ድሉን ካገኘበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይደክማል። ሌሊቱ ብርድ ነው። ንጉሡ ጧት ይነሣሉ፣ ወደ ምሥራቅ ያያሉ። ከዚያ በኩል የሚመጣ አቧራ የለም።

ለምን አልመጣም? እዚህ ላይ ነው የአቃቂው ብረት ወደ ታሪኩ የሚገባው።

ልጅ ኢያሱ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ጦር ልከው ነበር። ያ ጦር ሚኤሶ ላይ ከሸዋ ሰዎች ጋር ተጋጥሞ ተመለሰ። ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ናት፣ በዚሁ በአንድ ሜትሩ ሐዲድ ላይ ያለች። ካርታውን ብንዘረጋው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አባት በስተሰሜን፣ ልጅ በስተምሥራቅ ናቸው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ፣ በሚኤሶ፣ በአዋሽ አድርጎ እስከ አቃቂ ተዘርግቷል። መንገዱን የያዙት ሌሎች ናቸው። ልጅ ኢያሱ አቋርጠው ወደ አባታቸው ለመድረስ በአፋር በረሃ መዞር ነበረባቸው። የዞሩበት እያንዳንዱ ቀን ከአባታቸው ሰፈር ላይ የሚቀነስ ቀን ነበር። ሐዲዱ በሁለቱ መካከል እንደ አጥር ተጋድሟል። ለአጥርነት ማንም አልሠራው፤ የፈረንሳይ ኩባንያ ቡናና ቆዳ ሊያወርድበት፣ ሸቀጥ ሊያወጣበት ነው የዘረጋው።

የብረቱን ሌላኛውን ጫፍም ማየት ያስፈልጋል። ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ናት፤ ዓለም ደግሞ ያን ጊዜ ታላቁ ጦርነት ውስጥ ነው። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘንብለዋል ተብለው የተጠረጠሩ ስለሆነ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞች ልባቸው ከሸዋ መኳንንት ጋር ነበር። ስለዚህ በስምንቱ ቀን ውስጥ ከአቃቂ በስተጀርባ ያለው ነገር ሁሉ፣ ባሕሩ፣ ወደቡ፣ ከሐዲዱ ጎን የተተከለው የስልክ እንጨት ሳይቀር፣ የወገነው ለአንዱ ነው። ንጉሥ ሚካኤል በስተጀርባቸው የነበራቸው የመጡበት መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም በእግር የሚሄዱት፣ በቅሎ የሚያደክም የወሎ ተራራ ነው።

አዲስ አበባም እየጠበቀች ነበር። ግን የሷ መጠበቅ ሌላ ዓይነት ነው። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በቅጽል ስማቸው አባ መላ ይባላሉ። ዓድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ ሹመቱን የተረከቡ፣ በወጣትነታቸው ተማርከው መጥተው በአስተዋይነታቸው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ለንጉሥ ሚካኤል ልባቸው ከእሳቸው ጋር እንደሆነ የሚገልጥ ደብዳቤ ልከው እንዳዘናጓቸው ይነገራል። እውነት እንዲያ ከሆነ፣ ከሰገሌ መድፎች ሁሉ የበለጠ የሠራው ያ ቁራጭ ወረቀት ነው። ሽማግሌው ንጉሥ ያነቡታል፣ ያስቡታል፣ አንድ ቀን ይጨምራሉ። በዚያች አንድ ቀን ከየአውራጃው የሚመጣ ጦር አንድ ቀን ይጠጋል። ራስ ካሳ ኃይለ ዳርጌ ይደርሳሉ፣ የፊታውራሪው የራሳቸው ጦር ይደርሳል፣ ራስ ተፈሪ ያሰልፋሉ።

እንግዲህ ሁለት ሰፈሮች አሉ፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ከሩቅ ለሚያያቸው ዝምታቸው አንድ ነው፤ ጭስ ይወጣል፣ ፈረስ ይጠጣል፣ ቄስ ይቀድሳል። በአንደኛው ሰፈር ውስጥ ግን ጊዜ እየገባ ነው፣ በሌላው እየወጣ። የጦርነቱ መገልበጫ የት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሰገሌ ሜዳ ነው። እኔ ከእነዚያ ዝም ካሉ ጧቶች በአንደኛው ላይ ይመስለኛል፤ ምናልባት በአራተኛው፣ ምናልባት በአምስተኛው። በዚያች ጧት ማንም ምንም አልሰማም። ንጉሡ ቁርሳቸውን በልተዋል፣ ድሉም ገና የራሳቸው ይመስል ነበር።

ጥቅምት 17 ጎሕ ሲቀድ ጀመረ። መትረየስና መድፍ፣ ጎራዴና ጦር ያለበት፣ አሮጌውና አዲሱ ዘመን በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙበት ውጊያ ነው። ብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ በአንድ ቀን አለቀ። ልጅ ኢያሱ በጊዜው አልደረሱም፤ የአባታቸውን መማረክ ሰምተው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጥቅምት 23 ቀን አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው፣ የምሕረት መጠየቂያውን ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በንግሥቲቱ ፊት አለፉ። ያንን ሰልፍ ካዩት መካከል የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የስድስት ዓመት ልጅ ይገኝበታል፤ በኋላ በበረሃ ጉዞው ስሙ የተጠራው ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። ዕድሜ ልኩን ያን ቀን አልረሳውም። ልጁ ያየው ቀለሙን፣ ጎፈሩን፣ ጋሻውን፣ የፈረሱን ግልቢያ ነው። ያላየው ነገር ደግሞ አለ፤ በዚያ አደባባይ የነበሩት ሰዎች በሥጋ እንዴት እንደተሳሰሩ።

ንጉሥ ሚካኤል የዘውዲቱን እህት ሸዋረጋን አግብተው ነበር፤ ልጅ ኢያሱ የተወለዱት ከእሷ ነው። ስለዚህ ንግሥቲቱ ፊታቸው በሰንሰለት የቆመውን ያዩት የእህታቸውን ባል ነው፤ የተተኩትም የእህታቸውን ልጅ። የራስ ተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ከተፈሪ በፊት ለራስ ልዑልሰገድ፣ ቶራ መስክ ላይ ለወደቁት ለእኒያው ሰው፣ ተድረው እንደነበር ይነገራል። አያታቸው የቀድሞ ባላቸውን ድል ነሡ፤ የአሁኑ ባላቸው አያታቸውን ማረኩ፤ ሁሉም በስምንት ቀን ውስጥ። የእርስ በርስ ጦርነት የሚባለው ነገር እንዲህ ጠጋ ብለው ሲያዩት አንድ ቤት ውስጥ ያልቃል። በዚያች ማታ በወይዘሮ መነን እልፍኝ ምን እንደተባለ የጻፈ የለም።

ከሰገሌ በኋላ ሐዲዱ ከአቃቂ ተነሣ። በተከታዩ የአውሮፓውያን ዓመት የቀረችውን ጥቂት ኪሎ ሜትር አገባደደ፤ ለገሃር ደረሰ። አቃቂ መድረሻ መሆኗ ቀረ፣ ባቡሩ ትንፋሹን የሚመልስባት መንገድ ዳር ሆነች። በዚህ ቦታ ግን አንድ ጥያቄ ተቀብሮ የቀረ ይመስለኛል፤ ጊዜ ለማን ይሠራል የሚለው።

73 ዓመት ዘለን የካቲት 1982 ላይ ብንቆም፣ ጥያቄው ፊቱን አዙሮ እናገኘዋለን። በኤርትራ ጦርነት ሻዕቢያ የምጽዋን ወደብ ያዘ። አስመራ ያለው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ታንክ አለው፣ መድፍ አለው፣ ሰው አለው፤ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ግን ከእጁ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ እስከ ግንቦት 16 ቀን 1983 ድረስ፣ ለአንድ ዓመት ከሦስት ወር፣ ስንቁና ጥይቱ በአውሮፕላን ነበር የሚመጣው። ያ ሠራዊት ተከላከለ፣ ተዋጋ፣ ብዙ ቀን ድልም አደረገ። ጠበቀ ማለት ግን ይህ ነው፤ በየጧቱ ከመጋዘኑ የሆነ ነገር ይጎድላል። ንጉሥ ሚካኤል ስምንት ቀን የኖሩትን አስመራ ከአራት መቶ ቀን በላይ ኖረችው።

ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚሁ ጦርነት፣ አፍአበት ነበር። ናደው ዕዝ የተባለው የመንግሥት ጦር ከናቅፋ ምሽጎች ፊት ለፊት ለዓመታት ተቀምጧል። የዕዙ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥታቸው እጅ የተገደሉት አፍአበት ከመውደቁ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ነው። መጋቢት 1980 ላይ ጦሩ ሲያፈገፍግ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የፊተኛው ታንክ ተመታ፤ ከኋላው ያለው ረጅም ሰልፍ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቃተው። በጠላት እጅ ከሚገባ ተብሎ የራሱ አየር ኃይል ደበደበው። አንድ ታንክ የዘጋው መንገድ፣ የአንድ ታንክ ስፋት ያለው መተላለፊያ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የተጻፈው የጦርነቱ መገልበጫ ስፋቱ ከዚህ ከአቃቂው ሐዲድ ብዙ አይበልጥም።

ዛሬ ከአሮጌው ብረት ቀና ሲሉ የሚታየው አስፋልቱ ነው። ከጅቡቲ የመጡ ከባድ መኪኖች ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሩ ካቢኑን ከፍቶ እግሩን አንጠልጥሏል፣ ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ዘይት ይኑር ብረት አይታወቅም። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ፣ በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የተያዙ ሰሞን፣ ሀገሩ በሙሉ የሚያወራው ስለ ሚሌ ነበር፤ እነዚህ መኪኖች የሚያልፉባት የአፋር ከተማ። ሚሌ አልተያዘችም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጦርነቱ አቅጣጫ ዞረ። የዚያን ጦርነት ታሪክ በቅጡ ለመጻፍ ጊዜው ገና ነው፣ ቁስሉም አልደረቀም፤ እዚህ ላነሣው የወደድኩት ለቦታው ብቻ ነው። ልጅ ኢያሱ በጊዜው ሊሻገሩት ያልቻሉት መስመር አስፋልት ሆኖ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ፣ አሁንም እዚያው አለ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ነው። ሰገሌ 100 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። በምርቃቱ ዕለት ያንን ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ማሰብም አይጠበቅበትም። ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ ከአቃቂ ወጣ ብሎ በእንዶዴ በኩል ያልፋል፣ አሮጌውን አይነካውም።

አሮጌው ላይ ያለፈ አንድ ባቡር ግን ሳይነሣ አይቅር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ነው። ሰገሌ ላይ ያሸነፉት አልጋ ወራሽ አሁን ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ማይጨው ላይ ተሸንፈዋል፤ የጣልያን ጦር ከሰሜን፣ ንጉሥ ሚካኤል በመጡበት በደሴ መንገድ፣ እየገፋ ነው። በዚህ ጊዜ ለመጠበቅ የሚሆን ቀን አልነበረም። በዚሁ በአንድ ሜትሩ ሐዲድ፣ በአቃቂ በኩል፣ ወደ ጅቡቲ ወረዱ። እቴጌ መነን አብረዋቸው ነበሩ። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ሲቃረብ በስተቀኝ ከሩቅ የሐረርጌ ተራሮች ይታያሉ፤ ከእነሱ አንዱ ጋራ ሙለታ ነው። አባታቸው ስምንት ቀን የጠበቋቸው ልጅ ኢያሱ ታስረው የነበሩት እዚያ ነው፤ በዚያው በ1928፣ ኅዳር ላይ፣ ሞተዋል።